የፍርድ ቀን በዋጫ፦ በ«ተርሚኔተር» ተመልካቾች ላይ የተደረገ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት

«ተርሚኔተር» የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1984 ተጀምሮ እስከ 2019 ድረስ ስድስት ክፍል ደርሷል፤ በመሐሉ አንድ የቴሌቪዥን ድራማም ወልዷል። ፈላስፎች በጊዜ ጉዞው ተከራክረውበታል። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያወራ ሰው ስሙን ሳያነሣ አያልፍም። ይህን ፊልም በካፋ ዞን፣ በጨና ወረዳ፣ በዋጫ ከተማ አግዳሚ ላይ ተጨናንቀው እያዩ ስላደጉት ልጆች ግን የጻፈ የለም። ይህ ጥናት የተነሣው ያንን ክፍተት ለመሙላት ነው። ክፍተቱ ይሞላልን ብሎ ያመለከተ አካል አለመኖሩ የጥናቱን አስፈላጊነት አይቀንሰውም፤ በአገራችን የብዙ ጥናቶች መነሻ ይኸው ነውና።

ዋጫ የጨና ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ከቦንጋ ወደ ሚዛን የሚሄድ መንገደኛ ያገኛታል። በካፋ ላይ የሚጻፍ ማናቸውም ጽሑፍ የቡናን መገኛነት እንዲጠቅስ ባልተጻፈ ሕግ ይገደዳል፤ ይኸው ተጠቅሷል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የካፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል፤ ይህም ተጠቅሷል። ለያዝነው ጉዳይ ከሁለቱም የሚበልጠው የአካባቢው ሀብት ዝናብ ነው፤ ምክንያቱ ወዲያው ይመጣል።

የጥናቱ ጣቢያ አንድ ቪዲዮ ቤት ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መቀመጫው አግዳሚ ነበር። ቴሌቪዥኑ ቁልፍ ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ይኖራል፤ ዴኩ ከላዩ ላይ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል። በር ላይ የቆመው ሰሌዳ የፊልሙን ርዕስ አይጽፍም። በጠመኔ «አርኖልድ፤ ኃይለኛ አክሽን» ይላል፤ ከዚያ በላይ ማብራራት ተመልካቹን መናቅ ነው። ፊልሙን የሠራው ጀምስ ካሜሮን የሚባል ሰው መሆኑን ዋጫ የሰማችው ዘግይታ ነው፤ በሰማችም ጊዜ ማንም አልተደነቀም። አርኖልድ ካለ ሌላ ሰው ምን ያደርጋል?

ሁለተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1991 ወጥቶ አራት ኦስካር ወስዷል። አንዱ ለሜካፕ፣ አንዱ ለምስል ልዩ ውጤት ሲሆን ሁለቱ ለድምፅ ሥራ የተሰጡ ናቸው። ዋጫ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር የሚሰማው ዝናቡ ብቻ ነው፤ ጋብ ባለ ጊዜ ደግሞ ከጓሮ ያለው ጀነሬተር ተራውን ይረከባል። ስለዚህ የዋጫ ተመልካች ፊልሙን የመዘነው የኦስካሮቹ ግማሽ ተቀንሶ ነው። ያም ሆኖ ወዶታል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በሙሉ ድምፅ አይቶ የወደደ ሰው ፍቅሩ እንዴት ከዚህ ጋር ይወዳደራል?

የቋንቋው ጉዳይም ቢሆን ችግር አልነበረም። አርኖልድ በመጀመሪያው ክፍል የሚናገረው ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ገጽ አይሞላም። ብዙ የሚያወሩት ሌሎች ናቸው፤ ብዙ የሚያወራ ሰው ደግሞ በአክሽን ፊልም ውስጥ ዕድሜው አጭር መሆኑን ልጅ ሁሉ ያውቃል። አግዳሚው ላይ በካፊኖኖና በአማርኛ እየተፈራረቀ የሚሰጠው ትርጓሜ የቀረውን ይሞላ ነበር። ተርጓሚው ፊልሙን ቀደም ብሎ አይቶ የተመለሰ ልጅ ነው፤ ዋና አገልግሎቱም «አሁን ይመጣል! አሁን ያፈነዳዋል!» እያለ አንድ ደቂቃ ቀድሞ ማወጅ ነው። ከወደፊቱ ዘመን መጥቶ የሚሆነውን የሚናገር፣ ማንም የማያምነው፣ ዝም በል የሚባል ሰው፤ የፊልሙን ሐሳብ በዚያ ቤት ውስጥ በትክክል የኖረው እርሱ ብቻ ነበር።

ናሙናው በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ወገን 50 ሳንቲም ከፍሎ የገባው ነው። ሁለተኛው ሳንቲም ያጣውና ከውጭ በጭቃው ግድግዳ ቀዳዳ የሚያየው ነው። የቀዳዳው ወገን በጥናት ዓለም ተገቢውን ቦታ ስላላገኘ እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። ቀዳዳው የሚያሳየው የቴሌቪዥኑን ግራ ግማሽ ብቻ ነበር። በቀኝ በኩል የቆመ ሰው ለቀዳዳው ወገን አልተፈጠረም። ፈሳሽ ብረት ሆኖ የሚለዋወጠው ቲ-1000 እጁን ጎራዴ አድርጎ ከቀኝ ወደ ግራ ሲወጋ፣ ከውጭ ያሉት ያዩት ጎራዴውን ነው። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ጠላቱ ሰው የሌለው እጅ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ይህ እምነት ከፊልሙ የበለጠ እንደሚያስፈራ ልብ ይሏል። ከውስጥ የገቡት ልጆች «የለም፣ ፖሊስ ነው» ብለው ሊያስረዷቸው ሲሞክሩ፣ የቀዳዳው ወገን ከፍለው የገቡ ሰዎች በከፈሉት ልክ የሚያጋንኑ ናቸው በሚል ማስረጃውን ውድቅ አድርጎታል።

ቲ-1000 ከውስጥ ያለውንም ወገን ቢሆን በጣም አላስደነገጠም። የትኛውንም መልክ የሚይዝ፣ በተዘጋ በር የሚገባ፣ የፈለገውን ልጅ ሳያገኝ የማይመለስ፣ የሌላ ሴት ድምፅ አስመስሎ የሚጠራ ፍጡር ልጆቹ ከዚያ በፊት ያውቁ ነበር፤ እናት ይባላል። ከትምህርት ቤት የፎረፈ ልጅ እናት የቪዲዮ ቤቱን በር ስትከፍት ብርሃን ገብቶ ስክሪኑን ያነጣዋል፤ ዴኩ ሳይቆም ፊልሙ ይቆማል። ልጅየው አግዳሚ ሥር ቢገባም ጎረቤቶቹ አሳልፈው ይሰጡታል። ፈሳሹን ብረት በናይትሮጅን ማርጋት ይቻላል፤ በዋጫ በኩል ተመሳሳይ መፍትሔ አልተገኘም።

ወደ ዋናው የሃይማኖት ክርክር እንግባ። የኢትዮጵያ ቪዲዮ ቤት የተመሠረተበት ድንጋይ አንድ ሕግ ነው፦ አክተር አይሞትም። ሕጉ ለራምቦ፣ ለቫንዳም፣ ለጃኪ ቻን፣ በህንድ ፊልምም ከነዘፈኑ ያለ ልዩነት ይሠራል። አክተሩ በጥይት ይመታል፣ ከገደል ይወድቃል፣ ይታሰራል፤ በመጨረሻ ግን ይነሣል። ሁለተኛው ክፍል ይህን ሕግ በአደባባይ ጣሰው። አርኖልድ በፈቃዱ ወደ ቀለጠ ብረት ወረደ፤ እጁ ሰጠመ፤ አውራ ጣቱ ብቻ ከላይ ቀረች። ያን ዕለት ከቪዲዮ ቤቱ የወጡት ልጆች ወደ ቤታቸው ሲሄዱ የተነጋገሩት በጣቷ ላይ ነው። አንደኛው ወገን ጣቷ ቀና ብላ መታየቷ ያለመሞቱ ምልክት ነው አለ። ሌላው ስንብት ነው አለ። ሦስተኛው ወገን ደግሞ ያ ሰው ማሽን ነው፣ ማሽን አይሞትም፣ ይበላሻል እንጂ፤ ስለዚህ ሕጉ አልተጣሰም ሲል ተከራከረ። ይህ የመጨረሻው አስተያየት የአንድ ጋራዥ ሠራተኛ ልጅ ነው፤ አጥኚው እስካሁን ከዚህ የተሻለ አልሰማም።

ነገሩን ያወሳሰበው ዋጫ ሁለተኛውን ክፍል ከመጀመሪያው በፊት ማየቷ ነው። ካሴት ከጅማ የሚመጣው እንደተገኘ ነው፤ ቅደም ተከተል የጠየቀ ደንበኛ አልነበረም። አርኖልድ ደግ ሆኖ፣ ልጅ ጠብቆ፣ ራሱን ሠውቶ ካለቀሱለት በኋላ ሌላ ካሴት ይመጣና ያው አርኖልድ፣ በዚያው ፊት፣ ሴት ልጅ ሊገድል ሲያሳድድ ይታያል። በቪዲዮ ቤቱ ውስጥ የሆነው ዝምታ በከተማዋ ታሪክ ከለቅሶ ቤት ውጪ አልታየም። ለዚህ አጣብቂኝ የተሰጡት ማብራሪያዎች ብዙ ናቸው፤ ገዢ ሆኖ የወጣው የመንታ ወንድም ንድፈ ሐሳብ ነው። ክፉው ወንድሙ ነው፤ ደጉ በቀለጠው ብረት ከሞተ በኋላ ክፉው ሊበቀል መጣ። ይህ ማብራሪያ እንከን የለበትም። የፊልሙ ሠሪዎችም በቀጣዮቹ ክፍሎች ያው ፊት ያለው ማሽን ደጋግመው ሲልኩ በእጅ አዙር ተቀብለውታል ማለት ይቻላል።

ከዚህ የሚሰፋም ግኝት አለ። ለዋጫ ተከታታዩ «ተርሚኔተር» የሚባል ፊልም ሳይሆን አርኖልድ የሚባል ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በ«ኮማንዶ» ልጁን ያስመለሰው፣ በ1987 በ«ፕሬዳተር» ጫካ ውስጥ ከማይታይ ፍጡር ጋር የታገለው፣ በ1990 በ«ቶታል ሪኮል» ማርስ የሄደው፣ በዚያው ዓመት የመዋዕለ ሕፃናት መምህር የሆነው፣ ሁሉም አንድ ሰው ነው፤ አንድ ረጅም ሕይወት ነው። ከማርስ ተመልሶ ሕፃናት ማስተማሩ ማንንም አላስገረመም። ከሩቅ አገር ተመልሶ መምህርነት የተመደበ ሰው በወረዳው ይታወቃልና። እ.ኤ.አ. በ2003 መገባደጃ አርኖልድ የካሊፎርኒያ አስተዳዳሪ ሆነ የሚለው ዜና ሲደርስ ደግሞ የዋጫ ልጆች የጠየቁት «ካሴቱ መቼ ይመጣል?» ብለው ነው። በዚያው ዓመት ሦስተኛው ክፍል ወጥቶ ስለነበር ምርጫው አራተኛ ተደርጎ ተቆጠረ። እ.ኤ.አ. በ2009 ትክክለኛው አራተኛ ክፍል ሲመጣ አርኖልድ የሌለበት፣ ፊቱ ብቻ በኮምፒውተር የተለጠፈበት ሆኖ ተገኘ። ዋጫ አላወቀችውም። የአስተዳዳሪነቱ ክፍል የተሻለ ነበር።

ፊልሙን ማየት ያልቻለ ልጅ ፊልሙን ይሰማል። የትምህርት ቤት እረፍት ላይ አንዱ ይተርካል፣ ሌሎች ይከቡታል። የመጀመሪያው ክፍል 107 ደቂቃ ነው፤ በትረካ ሲሆን ሳምንት ይፈጃል፤ ምክንያቱም ተራኪው ጥይቱን ሁሉ በአፉ መተኮስ አለበት። የትረካው ቅጂ ከዋናው የሚለይባቸውን ቦታዎች መመርመር ለብቻው መጽሐፍ ይሆናል፤ እዚህ አንዱን ብቻ እንውሰድ። በሁለተኛው ክፍል በሞተር ሳይክል የሚሸሸውን ልጅ ትልቅ የጭነት መኪና የሚያሳድድበት ቦታ አለ። ቦታው በሎስ አንጀለስ ያለ የኮንክሪት የወንዝ ቦይ ነው፤ ወንዙ ደርቋል ማለት ይቻላል። በካፋ እንዲህ ያለ ወንዝ ማንም አላየም። ተራኪው «ወንዝ ውስጥ ገቡ» ሲል አድማጮቹ ጎጀብን አሰቡ፤ ተራኪውም የአድማጮቹን ፊት አይቶ ውሃ ሞላበት። ውሃ ከሞላ በኋላ ሞተር ሳይክሉ እንዴት ይሄዳል የሚል ጥያቄ ተነሣ። ተራኪው ጥቂት አስቦ ሞተር ሳይክሉን በውሃው ላይ አስኬደው። አንድ መቶ ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀው ፊልም ይህን ትዕይንት የለውም።

አንድ ሽማግሌ በአጥር በኩል ሲያልፉ ትረካውን ሰምተው እንደቆሙ አጥኚው ያስታውሳል። በእሳት የሚተኩስ ብዙ ሠራዊት መጣ፤ ሰዎቹ ጉድጓድ ገብተው፣ ቦይ ቆፍረው ተከላከሉ፤ የሚመራቸው አንድ ሰው አለ። ሽማግሌው ይህን በጥሞና አደመጡና «መሪውን ያዙት?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የካፋ መንግሥት ዙሪያውን በጥልቅ ቦይና በበር የታጠረ ነበር፤ የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተይዘዋል። ተራኪው «አልያዙትም፣ ገና አልተወለደም» ብሎ መለሰ። ሽማግሌው «ይህስ ብልሃት ነው» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ባልተወለደው መሪ ስም ላይ ዋጫ ከፊልሙ ጋር በፍጹም አልተስማማችም። ልጁ ጆን ኮነር ይባላል፤ ኮነር ግን የእናቱ ስም ነው። አባቱ ካይል ሪስ መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ ልጁ በየትኛውም የትምህርት ቤት መዝገብ ጆን ካይል ነው። ማሽኖቹ ግን ከወደፊቱ ዘመን እየመጡ ጆን ኮነርን ይፈልጋሉ፤ እንደ ዋጫ አመለካከት ስድስት ክፍል ሙሉ የለፉት በተሳሳተ ስም ነው። አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይህን በአንድ ደቂቃ ሊነግራቸው ይችል ነበር፤ ማስረጃ ይዘው ነገ ይመለሱ ካላላቸው በስተቀር።

የስልክ ማውጫውም እንደዚያው ነው። በመጀመሪያው ክፍል ማሽኑ ከስልክ ማውጫ ላይ ሦስት ሣራ ኮነሮች አገኘ፤ በተርታ ሊገድላቸው ተነሣ። በእኛ አገር ማውጫ የሚደረደረው በራስ ስም ነው። ማሽኑ በመጀመሪያ የአገሪቱን ሣራዎች ሁሉ ይጋፈጣል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ስሟ በንጉሡ ሠ ይሁን በእሳቱ ሰ መወሰን አለበት። ስካይኔት የተባለው ኮምፒውተር የቱንም ያህል ቢራቀቅ በዚህ ጉዳይ የአማርኛ መምህራን ያልደረሱበት ስምምነት ላይ ይደርሳል ተብሎ አይጠበቅም።

ከዚህ ሁሉ ከባዱ የአክብሮት ጉዳይ ነው። ጆን እ.ኤ.አ. የካቲት 28 ቀን 1985 ተወለደ፤ በእኛ የካቲት 21 ቀን 1977 መሆኑ ነው። አባቱ ካይል የተወለደው ግን ስካይኔት ካስነሣው ጦርነት በኋላ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1997 ወዲህ ነው። ጆን በ2029 አባቱን ወደ ኋላ ሲልከው እርሱ 44 ዓመቱ ነው፤ ልጅ አባቱን ቢያንስ በ12 ዓመት ይበልጠዋል። በዚያ ላይ አዛዡ ነው። አባት ልጁን «እርስዎ» ሊለው፣ ልጅ አባቱን «አንተ» ሊለው ነው። ማነው ለማን ከመቀመጫው የሚነሣ? ምዕራባውያን በዚህ ፊልም ላይ የሚጨቃጨቁት አባቱን የላከው ልጁ ከሆነ ማን ማንን ፈጠረ በሚለው ነው። በዋጫ ይህ ቀላል ጥያቄ ተደርጎ ታልፏል፤ ሁሉም በእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ተብሎ። ያልተፈታው ማን ቀድሞ እጁን ይታጠባል የሚለው ነው።

አሁን ወደ ፍርዱ ቀን እንምጣ። በሁለተኛው ክፍል መሠረት ስካይኔት ነፍስ የሚያውቀውና ዓለምን ለማጥፋት የሚወስነው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 1997፣ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ሰዓት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው። ይህን ቀን በትክክል ወደ ዋጫ ያመጣ ጥናት ከዚህ በፊት አልነበረም፤ እነሆ። ዕለቱ አርብ፣ ነሐሴ 23 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከ14 ደቂቃ። የፍልሰታ በዓል ከዋለ ልክ ሳምንቱ። ክረምት ነው፤ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ቪዲዮ ቤቱ ገና አልተከፈተም። ቤተ ሰቡ ሁለት ሳምንት ጾሞ፣ በሳምንቱ ውስጥ ጥቂት ቀን ቅባት ቀምሶ፣ እንደገና አርብ ሆኖበት ጠዋት ላይ ተቀምጧል። ዓለምን ለማጥፋት ከዚህ የባሰ ጊዜ መምረጥ ይቻል ነበር ብሎ አጥኚው አያምንም።

ችግሩ ግን በ1989 ዋጫ ላይ ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ፊልሙ በሰፊው የታየው በእኛ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። እንግሊዝኛ ይችላል የሚባል አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከዝናቡ መሐል «1997» የሚል ቁጥር ሰምቶ ለአግዳሚው አወጀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዋጫ ልጆች በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን ይህ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ቀኑ አልፏል፣ ተርፈናል አለ። ሌላው ወገን ዘጠና ሰባት ዘጠና ሰባት ነው፣ ገና ሊመጣ ነው አለ። ሁለተኛው ወገን ብዙ ነበር፤ ያለፈ ጥፋት ማንን ይስባል? ወሩንም በስሙ ብቻ ተቀብለው ነሐሴ 29 ቀን 1997 ዓ.ም. ብለው ቀጠሩት። እስከዚያ ድረስ ስምንተኛ ክፍልን ማለፍ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው ከባድ የፖሊሲ ጥያቄ ሆነ። የእነዚያ ዓመታት የአንዳንድ ተማሪዎች ውጤት ከዚህ እምነት ውጪ ሊገለጽ አይችልም።

ዓመቱ መጣ። በ1997 ዓ.ም. ግንቦት 7 ቀን በአገሪቱ የተደረገው ምርጫ የዚህ ጥናት ርዕስ አይደለም። ዐዋቂዎች እስከ ነሐሴ ድረስ ስለ ዘጠና ሰባት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ የሰሙት ልጆች ግን «እኛስ ብለን ነበር» ማለታቸው በጥናቱ ተመዝግቧል።

ከነሐሴ 29 በኋላ ነሐሴ 30 አለ፤ ከዚያ ጳጉሜ ትመጣለች። እዚህ ላይ የዋጫ ልጆች የደረሱበት ግኝት፣ በአጥኚው ዕይታ፣ ለጠቅላላው ተከታታይ መፍትሔ ነው። ስካይኔት የተሠራው በአሥራ ሁለት ወር ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር የለውም። ማንም ሰው በጳጉሜ ውስጥ ከተደበቀ ማሽኑ የሚፈልግበት ቀን አያገኝም። ጆን ካይል ጳጉሜ 1 ገብቶ፣ ጳጉሜ 3 ቀን በሩፋኤል ዝናብ ራቁቱን ሮጦ፣ ጳጉሜ 5 ሲያልቅ መውጣት ይበቃው ነበር። በአራት ዓመት አንዴ አንድ ተጨማሪ ቀን ይሰጠዋል። ለዚህ ዕቅድ የቀረበው ብቸኛ ተቃውሞ በቀሪዎቹ ወራት የት ይቀመጣል የሚል ሲሆን፣ አጎቱ ጋ በሚል ታልፏል።

የቀን አመራረጥ ችግሩ በኋላ ባሰ እንጂ አልተሻለም። ሦስተኛው ክፍል የፍርዱን ቀን ወደፊት ገፋው። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2009 የታየው የቴሌቪዥን ድራማ ደግሞ ሚያዝያ 21 ቀን 2011 ላይ አስቀመጠው። በእኛ ሚያዝያ 13 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። ያ ዕለት ምን እንደነበር አንባቢ ራሱ ሊያሰላ ይችላል፤ ፋሲካ በዚያ ዓመት ሚያዝያ 16 ቀን ዋለ። ስለዚህ ጸሎተ ሐሙስ ነው። ጉልባን ተቀቅሎ፣ በግ ተገዝቶ ጓሮ ታስሮ፣ ሃምሳ አምስት ቀን ሊሞላ ሦስት ቀን ሲቀረው ዓለም ሊያልቅ ነው ማለት ነው። አንድ ሰው ጾሙ ከተፈታ በኋላ በሚመጣ አርብ ቢደርስበት ይታገሣል። ይህን ግን የትኛውም ማኅበረሰብ አይቀበልም። የድራማው ሁለት ምዕራፍ ብቻ ታይቶ መቋረጡን ምዕራባውያን በተመልካች ማነስ ያመካኙታል።

ሳተላይት ዲሽ ከመጣ በኋላ ፊልሙ ሙሉ በሙሉ፣ ከዓረብኛ የግርጌ ጽሑፍ ጋር መታየት ጀመረ። ጥራቱ ጨመረ፣ ክርክሩ ቀነሰ። የቀዳዳው ወገን ቀኝ ግማሹን ሲያይ የተሰማውን ሐዘን ለመግለጽ ይህ ጥናት አቅም የለውም፤ ጎራዴው ፖሊስ ሆኖ ተገኘ። በኋላም የፊልም ታሪክ በአማርኛ ባጭሩ የሚተርኩ ሰዎች በስልክ መጡ፤ ስድስቱንም ክፍል በአንድ ቁጭታ ይጨርሱታል። ጥይቱን በአፋቸው አይተኩሱም።

በ2015 እ.ኤ.አ. «ክራምስ» የተባለ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም በአገራችን ተቀርጾ ወጣ። ያዘጋጀው ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው፤ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ተውነውበታል። ዓለም ካለቀች በኋላ የፕላስቲክ አሻንጉሊትና የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ንዋየ ቅድሳት የሚታዩበት ታሪክ ነው። ውጭ አገር «እንግዳ ነገር» ተብሎ ተደነቀ። ቪዲዮ ቤት ላደገ ሰው ምኑ እንግዳ ነው? የአርኖልድ ፖስተር ከግድግዳ ላይ በምላጭ ተልጦ ሲወረስ፣ ሲሸጥና በደብተር መሐል ተደብቆ ሲቀመጥ ዓለም ገና አላለቀችም ነበር።

ጥናት ያለ መፍትሔ ሐሳብ ስለማይጸድቅ ሁለት ይቀርባሉ። ወደፊት ቀን ለመወሰን የሚያስብ ማናቸውም ኮምፒውተር ቢያንስ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ አንድ ሰው ያማክር። ከማሽኖቹ ጋር ጦርነት የሚካሄድበት ዓመት 2029 መሆኑ በፊልሙ ተጽፏል፤ በፈረንጅ ከሆነ ቅርብ ነው፣ በእኛ ከሆነ ሰባት ዓመት ከምናምን ይተርፋል፤ የዋጫ ሰዎች በየትኛው እንደሚቆጥሩ የታወቀ ስለሆነ ሌላው ዓለም ቀድሞ ሞክሮት ውጤቱን ቢያሳውቅ መልካም ነው።

ለቀጣይ ጥናት የሚተላለፈው ደግሞ የቫንዳም ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው «ታይምኮፕ» ቫንዳምም ጊዜ ይሻገራል፤ ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ዘመን ላይ ሊገናኙ የሚችሉበት መንገድ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ክፍት ነው። ቢገናኙ ማን ያሸንፋል የሚለው ጥያቄ በዋጫ አግዳሚ ላይ ተነሥቶ፣ ሁለት ጊዜ ድንጋይ አስወርውሮ፣ ሳይዘጋ ቆይቷል። አጥኚው ገለልተኛነቱን ጠብቆ ሁለቱንም ወገን በእኩል ሚዛን መርምሯል። አርኖልድ ያሸንፋል።